አልኮሉ ገደለ፣ አያቴ እንደሚያፈሉት የተፈላው ግን አልገደለም፦ ስለ ክትክታ ቅጠል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ድሬዳዋ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ በክትክታ ቅጠል ላይ ነው። ሐረር ያሉት አያቴ ቅጠሉን አፍልተው ቁስል ያጥቡበታል፤ ተቅማጥ ለያዘውም በቡና ስኒ ያጠጣሉ። ቅጠሉን ከሐረር አስመጥቼ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በፀሐይ አደረቅኩት። ግማሹን በ80 በመቶ ኢታኖል (አልኮል)፣ ግማሹን በፈላ ውሃ አወጣሁት። የኢታኖሉን ጭምቅ ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ ፈሳሽ፣ የውሃውን በውሃ አሟሙቼ ሁለቱንም በ100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ሞከርኩ፤ ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ በተቆፈረው በየጉድጓዱ 100 ማይክሮ ሊትር ነው። ኔጌቲቭ ኮንትሮሌ፣ ማለትም ጭምቅ የሌለበት ማወዳደሪያዬ፣ የተጣራ ውሃ ነበር። የኢታኖሉ ስታፊሎኮከስ አውሬስ (ስታፍ) በሚባለው ባክቴሪያ ላይ 17 ሚሊ ሜትር፣ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ አሳየ፤ እንደ አያቴ የተፈላው ግን ምንም። ኢ. ኮላይ በሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ላይ ሁለቱም ዜሮ። ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት የያዘው ዲስክ ስታፉ ላይ 28 ነው። የአያቴ መድኃኒት አይሠራም ማለት ነው? የኢታኖሉ የሲፕሮን 60 በመቶ ያህል ይሠራል ብዬ ልጻፍ? ጎረቤቶች ‘የአልኮሉን በጠርሙስ ስጪን’ እያሉኝ ነው፤ ብሰጣቸው ችግር አለው?»

የመጀመሪያውን ይህ ውጤት አያሰኝም። ሁለተኛውን አትጻፊው። ሦስተኛውን በፍጹም አታድርጊው። ሦስቱም የመጡት ከአንድ ቦታ ነው፦ ሳህኑ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አንቺ የአያትሽን እውቀት፣ የሲፕሮን ጉልበትና የጎረቤቶችሽን ደኅንነት በአንዴ ጠየቅሽው።

ከኔጌቲቭ ኮንትሮሉ ልጀምር፤ ሥራሽ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነውና። የኢታኖሉን ጭምቅ ያሟሟሽው በዲኤምኤስኦ ነው፣ ያወዳደርሽው ግን ከውሃ ጋር ነው። ዲኤምኤስኦ ሳይበረዝ ሲጨመር ራሱ ባክቴሪያ ሊጎዳ ይችላል። ከእሱ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ኢታኖሉ ነው። ጭምቁ እንደ ማር ሲወፍር «ደርቋል» ብለን እናስቀምጠዋለን፤ እንደ ክትክታ ያለ ሙጫማ ነገር ግን አልኮሉን በውስጡ አፍኖ ያስቀረዋል። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በሌላ ቅጠል 14 ሚሊ ሜትር አግኝቼ ሦስት ወር ተከተልኩት። አንድ ባልደረባዬ ቅጠል ያልነካውን ባዶ አልኮል በዚያው መንገድ አትንኖ፣ የቀረውን በዚያው ማሟሚያ ወስዶ ጉድጓዱ ውስጥ ቢጨምረው 13 ወጣ። ሦስት ወር ሙሉ የለካሁት ማሟሚያውን ነበር። ስለዚህ አንቺም ይህንኑ አድርጊ፦ ቅጠሉን ብቻ ትተሽ፣ የቀረውን ሁሉ አንድም ሳይጎድል ድገሚና እዚያው ሳህን ላይ ከጭምቁ ጎን አስቀምጪው። ጭምቁንም ከ40 ዲግሪ ሳታስበልጪ አድርቀሽ መዝኚ፤ በማግሥቱ ድጋሚ መዝኚ፤ ክብደቱ አሁንም እየቀነሰ ከሆነ ገና አልደረቀም። ኢ. ኮላይ ላይ ዜሮ መውጣቱ ትንሽ ያጽናናል፤ ገዳዩ አልኮሉ ቢሆን ኖሮ እዚያም ምልክቱ ሳይታይ አይቀርም ነበር። ግን ማጽናኛ እንጂ ኮንትሮል አይደለም።

ኮንትሮሉ ንጹሕ ወጥቶ 17ቱ እውነት ቢሆን፣ ውሃው ዜሮ የሆነበት ምክንያት እንቆቅልሽ አይደለም። ሐረር ስትሄጂ ትኩስ የክትክታ ቅጠል ቀጥፈሽ በአውራ ጣትሽና በሌባ ጣትሽ መካከል እሺው። ይጣበቃል። ቅጠሉ ቫርኒሽ የተቀባ መስሎ የሚያብለጨልጨው ላዩን ሙጫ ስለሸፈነው ነው። ያንን ሙጫ ውሃ አያስለቅቀውም፤ አልኮል የነካ ጥጥ ግን ያነሳዋል። ፍላቮኖይዶቹና ዳይተርፒኖቹ፣ ማለትም ክትክታ ባክቴሪያን ይከላከላል ሲባል ስማቸው የሚነሣው ኬሚካሎች፣ በብዛት ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። እንግዲህ ኢታኖሉና የፈላው ውሃ ከአንድ ቅጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮች አወጡልሽ፤ አንዱ ሙጫውን፣ ሌላው ታኒኑን፣ ስኳሩንና ሳፖኒኑን። «የክትክታ ጭምቅ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንባቢውን ማሳሳት ነው።

የአዘገጃጀት ነገር ተራ ዝርዝር አይምሰልሽ። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊናዝ የሚባል ኤንዛይም አሊሲንን ይሠራል፤ ባክቴሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ሳትወቅጪ ብትቀቅይው ኤንዛይሙ በሙቀት ይበላሽና አሊሲኑ ሳይፈጠር ይቀራል። ድሬዳዋ ውስጥ ወባ ይዞት ኮአርተም የዋጠ ሁሉ ደግሞ የሌላ የአዘገጃጀት ታሪክ ተጠቃሚ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ የአርቴሚሲያን ቅጠል ስታፈላው ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ግን «በውሃ ዘፍዝፈህ ጭመቀው» ነበር የሚለው፤ አፍላው አይልም። ሙቀቱን ቀንሳ በኤተር አወጣችው፤ የኮአርተም መሠረት የሆነው አርቴሚሲኒን ተገኘ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። ወባ ጥገኛ ተውሳክ እንጂ ባክቴሪያ አይደለም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። አያትሽ የሚያውቁት የቅጠሉን ስም ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሚዘጋጅም ጭምር ነው። እርጥቡን ነው የሚያፈሉት ወይስ ደረቁን? ስንት እፍኝ፣ በምን ያህል ውሃ? እስኪገነፍል ነው ወይስ ውሃው ግማሽ እስኪሆን? ጨው ወይም ቅቤ ይጨምሩበታል? ለብ ሲል ያጥቡበታል ወይስ ሲቀዘቅዝ? ሙጫው ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ገፈው ይጥሉታል ወይስ ቁስሉን በሱ ይቀቡታል? የመጨረሻው ብቻ መልሱን ሊገለብጠው ይችላል። ላቦራቶሪ ውስጥ ያፈላሽው ጣሪያ ላይ የደረቀውን ነው፤ አያትሽ የሚያፈሉት ትኩሱን ከሆነ መድኃኒታቸውን ገና አልሞከርሽውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው እሱን ነው። መድኃኒት ባክቴሪያ ሳይገድልም ሊጠቅም ይችላል። ዳማ ከሴን ተመልከቺ፤ ለምች የማይታሽበት ቤት የለም። ምች ብለን የምንጠራው ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ነው፤ የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ደግሞ ቫይረስ ነው። ዳማ ከሴን ስታፊሎኮከስ ላይ ሞክሮ «አይሠራም» ያለ ሰው ላልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ሰጠ። የአያትሽ እጥበትም እንዲሁ ነው። የፈላ፣ የበረደ ውሃ በራሱ ቁስልን ከቆሻሻና ከመግል ያጸዳል። ታኒን የቆዳን ፕሮቲን ያጨማትራል፤ የሚያዠውን ያደርቃል። እብጠትና ማሳከክ ሊቀንስ ይችላል። ይህን አንዱንም ሙለር ሂንተን አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያውን የምታሳድጊበት ሳህን፣ አያሳይሽም። አያትሽ ቁስል ሲሽር አይተዋል፤ አልዋሹም። ግን ብዙ ትንንሽ ቁስል ንጹሕ ከሆነ ያለ ምንም ቅጠል እንደሚሽርም አትርሺ። የትኛው ሥራ የቅጠሉ፣ የትኛው የውሃው፣ የትኛው የሰውየው ገላ እንደሆነ የሚለየው ሰዎች ላይ በሥርዓት የሚደረግ ጥናት ብቻ ነው።

ወደ 60 በመቶው ልምጣ። 17ን ለ28 አካፍለሽ ነው ያገኘሽው። በመጀመሪያ ደረጃ 6 ሚሊ ሜትሩ የጉድጓዱ ስፋት ከሆነ እሱ ባክቴሪያ ስላልነበረበት እንጂ ስለሞተበት አይደለም። ይህ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁን በወረቀት ላይ አስይው፦ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ከሆነው ጭምቅ 100 ማይክሮ ሊትር ስትጨምሪ ጉድጓዱ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10,000 ማይክሮ ግራም አስቀመጥሽ። የሲፕሮው ዲስክ የያዘው 5 ማይክሮ ግራም ነው። 2,000 እጥፍ አስገብተሽ ያነሰ ክብ አገኘሽ፤ ይህን 60 በመቶ ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ጭምቁም ተበድሏል። በውስጡ መቶ ዓይነት ነገር አለ፤ የሚሠራው ምናልባት ከመቶ አንድ እጁ ነው። ሙጫማ ነገር ደግሞ ውሃ በሞላበት አጋር ውስጥ እንደልብ አይሰራጭም፤ ጉድጓዱ ጥግ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ትንንሽና ውሃ ወዳድ ሞለኪውል ሩቅ ይሄዳል፤ ክቡም ይሰፋል። ስለዚህ የክብ ስፋት የሚለካው ጉልበትን ብቻ አይደለም፤ እግርንም ጭምር ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በዚህ ማወዳደር አይቻልም። የሲፕሮው 28 የሚጠቅምሽ ለሌላ ነው፤ ኤቲሲሲ 25923 ለተባለው መፈተሻ የስታፊሎኮከስ አውሬስ ዝርያ የሚጠበቀው ከ22 እስከ 30 ስለሆነ፣ የተጠቀምሽው እሱ ከሆነ አጋርሽም ዲስክሽም ደኅና ነው ማለት ነው። ከዚያ አታሳልፊው።

ሳህኑን እንደገና ስታነቢ ቁጥሩን ብቻ አትጻፊ፤ ጠርዙንም እዪው። ክቡ ጥርት ብሎ ያቆማል ወይስ እየደበዘዘ ያልቃል? ውስጡ የተበታተኑ ትንንሽ ኮሎኒዎች አሉ? በጉድጓዱ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ካለ ታኒኑ የአጋሩን ፕሮቲን አርግቶት ይሆናል፤ ዓይን በቀላሉ እንደ መጥራት ያየዋል። ከጠራው ክፍል በሉፕ ነካ አድርገሽ ጭምቅ የሌለበት ብሮዝ (የባክቴሪያ ፈሳሽ ምግብ) ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት ከደፈረሰ ባክቴሪያው ቆሞ ነበር እንጂ አልሞተም።

ጉልበቱን ማወቅ ከፈለግሽ መንገዱ ኤምአይሲ ነው፤ ባክቴሪያው እንዳይበዛ የሚያግደው ዝቅተኛ መጠን ማለት ነው። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ጭምቁን በግማሽ በግማሽ እየበረዝሽ ትወርጃለሽ፤ በየጉድጓዱ በሚሊ ሊትር 5 መቶ ሺህ ያህል ባክቴሪያ ይኖራል። ከ1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ ከዚያ በላይ ብቻ የሚሠራ ድፍድፍ ጭምቅ እንደ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚያጓጓ አይደለም። በዘርፉ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለኪያ በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ከሆነ ጠንካራ፣ እስከ 625 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ደካማ ይላል። ጭምቁ አረንጓዴ ስለሆነ መደፍረሱን በዓይን መለየት ይቸግርሻል፤ ሬሳዙሪን የሚባለውን ቀለም ጨምሪበት፣ ባክቴሪያው ሕያው ከሆነ ሰማያዊው ወደ ሮዝ ይለወጣል። ጥንቃቄ ግን አለው፦ የቅጠል ፖሊፌኖሎች ባክቴሪያ ሳይኖርም ቀለሙን ሊለውጡት ይችላሉ። በየመጠኑ ጭምቅና ብሮዝ ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ የሌለበት ጉድጓድ ካላስቀመጥሽ ውጤቱን ማንም አያምንሽም። ዲኤምኤስኦው ደግሞ በመጨረሻ ከ1 በመቶ አይለፍ።

ኢ. ኮላይ ላይ ዜሮ መውጣቱ አያስደንቅም። እንደ ኢ. ኮላይ ያለ፣ ግራም ኔጌቲቭ የሚባል ባክቴሪያ ሌላ የውጭ ሽፋን አለው፤ ሙጫማ ሞለኪውሎችን አያስገባም፣ ያመለጠውንም በፓምፕ ያስወጣል። ብዙ ቅጠሎች ስታፉን መትተው ኢ. ኮላይ ላይ የሚቆሙት ለዚህ ነው። ዜሮውን በጽሑፍሽ አትደብቂ፤ ዜሮም ውጤት ነው። ለተቅማጡ ግን አሁን የምልሽ ከጥናቱ የተለየ ነው። የልጆች ተቅማጥ በብዛት በቫይረስ ይመጣል፤ ልጁን የሚገድለው ደግሞ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። መድኃኒቱ ለምለም (ኦአርኤስ) ነው፤ ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨመርበታል። አንድ ስኒ ክትክታ የለምለምን ቦታ ወስዶ፣ በአተት ጊዜ አንድ ከሰዓት ቢያስጠፋ ዋጋው ሕይወት ነው። ለአያትሽ ይህን አንቺ ንገሪያቸው፤ ከኔ ይልቅ ከልጅ ልጃቸው አፍ ይሰሙታል።

የጠርሙሱ ጉዳይ። አልኮል ክፍት ቁስል ላይ ሲፈስ አዲስ የሚያድገውን ሥጋ ያቃጥላል፤ ዲኤምኤስኦ ያለበት ከሆነ ደግሞ ከቅጠሉ ጋር የመጣውን ነገር በቆዳ ሊያሳልፍ ይችላል። በውሃ አዘጋጅተሽ ብትሰጪያቸው የድሬዳዋ ሙቀት በሁለት ቀን ሻጋታ ያበቅልበታል። ማፍላት ያመክነዋል አትበይኝ፤ ከአፈር ጋር የሚመጡት ስፖሮች (ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ዘሮች)፣ የቲታነሱን ጨምሮ፣ በተራ ማፍላት አይሞቱም። እትብት ላይ፣ ጥልቅ ቁስል ላይ፣ ቃጠሎ ላይ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግር ላይ ቅጠል አይደረግም፤ እነዚህ የሐኪም ናቸው። ደግሞም ጠርሙስ ከእጅሽ ከወጣ ለቁስል የሰጠሽውን «ለውስጥ ኢንፌክሽን» የሚጠጣው አይጠፋም። እንበልና ኤምአይሲው 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ወጣ። በአንድ ትልቅ ሰው ገላ ውስጥ 40 ሊትር ገደማ ውሃ አለ። ያን መጠን እዚያ ለማድረስ 40 ግራም ጭምቅ ሳይበላሽ ሙሉ ለሙሉ መግባት አለበት፤ ከቅጠሉ አሥር በመቶ ጭምቅ ይወጣል ብንል 400 ግራም ደረቅ ቅጠል ነው። ይህን የሚጠጣ ሰው ከባክቴሪያው በፊት ጉበቱና ኩላሊቱ ይጎዳሉ ብዬ እሰጋለሁ። ጎረቤቶችሽ የአንቺን ነጭ ጋወን አይተው ነው የጠየቁሽ፤ እምነታቸውን በሰላም መልሽላቸው።

አሁን የምታደርጊው ይህ ነው። ቅጠሉን እንደገና ሰብስቢ፤ በዚህ ጊዜ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ክፍል አድርቂው። ቀትር ላይ የቆርቆሮ ጣሪያ ምን ያህል እንደሚግል ድሬ ላለ ሰው አይነገርም። አበባ ወይም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጭኖ ደርቆ፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ማኅደር) ወይም በሚቀርብሽ ሄርባሪየም ይረጋገጥ። በአካባቢያችን አንድ ተክል በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ አራት ስም አለው፤ እምቧይ እንደሚባለው ደግሞ አንድ ስም ለብዙ ተክል ይሰጣል። ሦስት ዝግጅት አዘጋጂ፦ አያትሽ ቆመው እያሳዩሽ በእሳቸው ልክ ከእርጥብ ቅጠል የተፈላ፣ ደርቆ የተፈላ፣ እና የኢታኖሉ። አያትሽ የሚያፈሉትን ሳታወፍሪ እንዳለ፣ በስፖር እንዳይበከልብሽ በማጣሪያ አሳልፈሽ ሞክሪው፤ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ማንም ቁስሉን አጥቦበት አያውቅም። የባክቴሪያውን ድፍርስነት በማክፋርላንድ መለኪያ 0.5 ካደረግሽ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ዝሪው፤ በግንቦት ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ይበዛብሻል። አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ሁሉንም በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ድገሚ። ጊዜ ካጠረሽ የባክቴሪያ ዓይነት አትጨምሪ፤ ኤምአይሲውንና ኮንትሮሎቹን አስቀድሚ። ያደገበትን ሳህን ሁሉ በ121 ዲግሪ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አውቶክሌቭ ሳታደርጊ (በግፊት እንፋሎት ሳታመክኚ) እንዳትጥዪ፤ ባክቴሪያውንም ከላቦራቶሪው ውጪ አታውጪው።

ሐረር ከመሄድሽ በፊት ደግሞ አማካሪሽን ስለ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ጠይቂ። ስለ ጀነቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ እውቀት የወጣ ሕግ ነው፤ እውቀቱ የማኅበረሰቡ መብት እንደሆነ ይደነግጋል። አያትሽ የልጅ ልጃቸው ስለሆንሽ ብቻ ፈቅደውልኛል አትበይ። ቁጭ ብለሽ ምን እንደምትጽፊ፣ ማን እንደሚያነበው አስረጃቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ፣ የትኛው ምስጢር እንዲቀር እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸውና ያሉትን በፊታቸው ጻፊው። ከዚያ ቅጠሉን አብራችሁ ልቀሙ።